ዋጋ ያልተጻፈበት ጠረጴዛ፦ ደሴ ላይ የአንድ እሁድ ሽያጭ

እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ የሸጥነው አራት ስቲከር ብቻ ነበር። ሰማንያ ብር። የጠረጴዛው ኪራይ ብቻውን 600 ብር ነው። እህቴ ወንበሯ ላይ ኩርምት ብላ ስልኳን ትነካካለች። እኔ የሚያልፈውን ሁሉ «ኑ እዩ፣ ማየት በነጻ ነው» ስል አፌ ደርቋል። ሰው አልጠፋም። ይመጣል፣ ያያል፣ «ዋው» ይላል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል።

ነገሩ ከየት እንደተነሳ ልንገራችሁ። እህቴ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ የደብተሯ የኋላ ገጽ በአኒሜ፣ ማለትም በጃፓን ካርቱን ፊልም፣ ገጸ ባሕሪያት የተሞላ ነው። እኔ ፒያሳ አካባቢ ኮፒ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ሚያዝያ ላይ በቴሌግራም የሚተዋወቁ የደሴና የኮምቦልቻ አኒሜ ወዳጆች «አንድ ቀን እንኳን በአካል እንተያይ» ብለው አዋጡና አንድ አዳራሽ ተከራዩ። መግቢያው 100 ብር። ፕሮግራሙ ኮስፕሌይ (እንደ ገጸ ባሕሪ ለብሶ መምጣት)፣ ጥያቄና መልስ፣ በፕሮጀክተር ፊልም ማየት። ዳር ዳሩን ደግሞ ስድስት ጠረጴዛ፣ የሚሸጥ ነገር ላለው። አንዱን እኛ ያዝን።

እህቴ እንዲህ ያሉ ስብስቦችን ታሪክ ታውቃለች። ዛሬ ቶኪዮ ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚጎርፍበት ኮሚኬት የሚባለው የአድናቂዎች ገበያ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1975 ሲጀመር 32 ቡድኖችና 700 ያህል ሰዎች ነበሩ የተገኙት አለችኝ። «እኛስ ስንት እንሆናለን?» አልኳት። «መቶ ሃምሳ ከሞላን እሰየው ነው ጋሼ» አለች። በኋላ ትኬት የቆረጡት ልጆች ሲቆጥሩት 140 አካባቢ ሆነ።

ዝግጅቱ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ስድስት ሥዕል መረጥን፤ እያንዳንዱን አምስት አምስት ጊዜ በኤ4 ወፍራም ወረቀት አተምን። ሠላሳ ህትመት መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ሙያዬ ትንሽ ጠቀመን፣ ትንሽ ደግሞ አዋረደን። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ነው። ማተሚያ ደግሞ ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ነው የሚያውቀው። ስልክ ላይ እሳት የሚመስለው ብርቱካናማ፣ ወረቀት ላይ ሲወርድ የከረመ በርበሬ መሰለ። ይህን በየቀኑ ለደንበኛ የማስረዳ ሰው፣ ለራሴ እህት ሲሆን ረሳሁት። ሁለት ወረቀት አበላሽተን ነው የነቃነው። ከዚያ ከስድስቱም ሥዕል ትንሽ ትንሽ ቁራጭ አንድ ኤ4 ላይ ደርድረን አተምንና ቀለሙን ካየን በኋላ ዋናውን ለቀቅነው። ሥዕሉንም በስልክ ፎቶ ማንሳት ትተን በ300 ዲፒአይ (ለህትመት በሚበቃ ጥራት) ስካን አደረግነው። በስልክ ሲነሳ ጥጉ ላይ ጥላ ይቀራል።

ስቲከሩ ቀላል ነበር። ስምንት የስቲከር ወረቀት፣ በአንዱ ላይ ስድስት ሴንቲ በስድስት ሴንቲ የሆኑ አሥራ ሁለት ምስሎች። 96 ፍሬ። ማሽን የለንም፤ በመቀስ ነው የቆረጥነው። አውራ ጣቴ ላይ የወጣው ውኃ የቋጠረ ነገር ለሳምንት አልጠፋም።

ሦስተኛው ዕቃ በእቅድ አልመጣም። አንድ ማታ እህቴ ስልኳ ላይ የአንድ ታዋቂ ገጸ ባሕሪ ልብስ ላይ ያለ ጥምዝምዝ ምልክት እያየች ስትስል እናታችን በትከሻዋ አዘንብላ አየች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አርማው ነው እማዬ።»

«የሰፌድ መጀመሪያ አይደል እንዴ!»

እውነትም ነው። ሰፌድ ከእንብርቱ ነው የሚጀመረው። እማዬ ስንደዶውን ጥቅል አድርጋ፣ ውኃ የነካውን አክርማ ጠምጥማ፣ በወስፌ እየበሳች ዙሪያውን ታስኬደዋለች። ሦስት አራት ዙር ሲሄድ ያው ጥምዝምዙ ነው። «ብርቱካናማ አለላ ካገኛችሁልኝ እዚሁ አቆመዋለሁ» አለች። ከሰኞ ገበያ የ250 ብር አለላ ገዛን። የአንድ ብር ሳንቲም ሁለት እጥፍ የሚያህል፣ ጫፉ ላይ ክር ያለው የቁልፍ ማንጠልጠያ ሠራች። አሥራ አራት ደረሰላት። አንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅባታል፤ ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ትልቁ ሰፌድ ላይ እጅ እንደልቡ ይሄዳል፣ እዚህ ግን ወስፌው ጣት ይፈልጋል።

ስለ መብት አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ይጠይቀኛልና። የሌላ ሰው ገጸ ባሕሪ ሥሎ መሸጥ ሕጉ ፊት ጥላ ውስጥ ያለ ነገር ነው። በእኛም አገር በቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድን ሥራ ማባዛትም ሆነ ወደ ሌላ መልክ መለወጥ የባለቤቱ መብት ነው። ጃፓን ውስጥ ባለመብቶቹ እንዲህ ያለውን ትንንሽ የአድናቂ ሥራ ብዙውን ጊዜ አይተው እንዳላዩ ያልፉታል፤ ማለፍ ግን መፍቀድ አይደለም። እህቴ የራሷን ደንብ አወጣች። ከፊልሙ ላይ ገልብጣ አትስልም። የድርጅት ሎጎ አትነካም። የአንድ ቀን ጠረጴዛ እንጂ ሱቅ አትከፍትም። ከስድስቱ ሥዕሎች በሁለቱ ላይ ደግሞ ገጸ ባሕሪያቱን ወደ ሠፈራችን አመጣቻቸው። አንዱ ረከቦት ፊት ቁጭ ብሎ ስኒ ይዟል። ሌላው በጭጋግ ውስጥ፣ ከጀርባው የጦሳ ተራራ እየታየ፣ ባጃጅ ይነዳል። አራቱ ግን የተለመደው ዓይነት ናቸው፤ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ፀጉር በነፋስ፣ ዓይን የሚያበራ። እሷ በጣም የለፋችው በአራቱ ላይ ነው።

ታዲያ እሁድ ጠዋት ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ አንጥፈን ተቀመጥን። ዋጋ አልጻፍንም።

እዚህ ላይ ተጨቃጭቀናል። እኔ ማርከር ይዤ ነበር። እሷ እምቢ አለች። «ሥዕሌን እንደ ሽንኩርት ዋጋ ልትለጥፍበት ነው? የፈለገ ይጠይቃል።» እኔም ነገሩን ሳስበው ልክ መሰለኝ። እኛ ያደግነው ሰኞ ገበያ ነው። እዚያ ዋጋ የሚጽፍ የለም። ሰው «ስንት ነው?» ይላል፣ ነጋዴው ዋጋ ይጠራል፣ ገዢው ይደነግጣል፣ ዞር ብሎ ሲሄድ መልሰው ይጠሩታል። ዋጋ አለመጻፉ ወሬ ይከፍታል። ስለዚህ ማርከሩን ኪሴ ከተትኩት። ስህተቱ የእሷ ብቻ አልነበረም ለማለት ነው።

ከአጠገባችን ያለው ልጅ ደግሞ ከኢንተርኔት ያወረዳቸውን ምስሎች በፖስተር አሳትሞ «50 ብር» ብሎ በትልቁ ጽፏል። አንድም የራሱ ሥዕል የለም። እስከ አምስት ሰዓት ግማሹን ጨርሷል። እህቴ በጎን እያየችው ከንፈሯን ትነክሳለች። ልጁ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ቴፕ አበድሮናል። ገዢውም ልዩነቱን አልጠየቀም።

ነገሩ የተገለጠልን በአንዲት ልጅ ነው። ብርቱካናማ ሂጃብ አድርጋለች፤ ገጸ ባሕሪዋ ብርቱካናማ ፀጉር ስላላት ሂጃቡን በፀጉር ምትክ ነው የተጠቀመችበት። ብልህ ነገር ነው፣ በጣም ያምር ነበር። ሦስት ጊዜ መጣች። የባጃጇን ሥዕል ታያለች፣ ትሄዳለች። በሦስተኛው ወደ እህቴ ሳይሆን ወደ እኔ ጠጋ አለችና ዝቅ ባለ ድምፅ፦

«ይሄ ውድ ነው አይደል?»

«150 ነው።»

«ወላሂ? እኔኮ 500 ምናምን መስሎኝ ነው።»

ከጠዋት ጀምሮ ሰው ለምን ፎቶ አንስቶ እንደሚሄድ ያኔ ገባኝ። የመጡት ልጆች አሥራ ስምንት፣ ሃያ ዓመታቸው ነው። ኪሳቸው ውስጥ መግቢያ ከፍለው የተረፈ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ብር ነው ያለው። ጠይቀው «አይ፣ ይበዛብኛል» ማለት ያሳፍራቸዋል፤ ያውም ሠዓሊዋ ፊታቸው ተቀምጣ። ገበያ የሚወጣ ሰው ሊከራከር ተዘጋጅቶ ነው የሚወጣው። ይሄ ልጅ ግን ሊደሰት ነው የመጣው። ዋጋውን በሆዱ ይገምታል፣ ከፍ አድርጎ ይገምታል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይሸሻል።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ግማሹ ለሶላት፣ ግማሹ ለምሳ ወጣና አዳራሹ ጭር አለ። የወረቀት ካርቶን ቀድጄ ዋጋ ጻፍኩ። ስቲከር 20። ህትመት 150። የአለላ ማንጠልጠያ 100። ዋናዎቹ የእጅ ሥዕሎች 1,500። እህቴ ዝም አለች። ከዚያ ራሷ ማርከሩን ተቀብላኝ «አጻጻፍህ ያስጠላል» ብላ እንደገና ጻፈችው።

ሌላም ነገር ቀየርን። ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አንጥፈነው ስለነበር ከሁለት ሜትር ርቀት አይታይም። የእማዬን ትልቅ ሰፌድ ለጌጥ ብለን ይዘነው መጥተን ነበር። ግድግዳው ላይ አስደግፈን አቆምነውና ስቲከሩን በልብስ መቆንጠጫ ዙሪያውን ሰካነው። መርፌ አልነካውም፤ አንድ ቀዳዳ ቢገኝበት ቤት አልገባም። ማንጠልጠያዎቹን ደግሞ ከሰፌዱ ሥር ደረደርናቸው። ለካ ጠዋት ሰው የማይጠይቀው የጠረጴዛ ማስዋቢያ መስሎት ነው! ዋጋ ሲለጠፍባቸው ዕቃ ሆኑ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው የመጡ ልጆች ሁለት ገዙ፣ ቦርሳቸው ላይ አንጠለጠሉ፣ አዳራሹን ዞሩበት። አሥር ሰዓት ሳይሞላ አሥራ አራቱም አለቁ።

ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ።

ፕሮጀክተሩ ቆመ። አዘጋጆቹ ልጆች ጄኔሬተር ፍለጋ ሮጡ። አዳራሹ ውስጥ መቶ ምናምን ሰው የሚያደርገው አጥቶ ቆመ። የእኛ ጠረጴዛ መስኮት ሥር ነበር። ጠዋት «ፀሐይ ይመታናል» ብለን ያማረርንበት ቦታ አሁን ብቸኛው ብርሃን ያለበት ሆነ። እህቴ ሥራ ከምትፈታ ብላ ከፊቷ የቆመውን አንድ ልጅ መሳል ጀመረች። ልጁ ካርቶን ላይ የምግብ ፎይል ጠቅልሎ የሠራውን ሰይፍ ይዟል። በእርሳስ፣ ከዚያ በጥቁር ማርከር፤ ፊቱን በአኒሜ ዓይን፣ ሰይፉን እውነተኛ አድርጋ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ገደማ። ዙሪያውን ሰው ከበባት። ሲያልቅ ልጁ «ስንት ነው?» አለ። እሷ እኔን አየች። እኔ አፌ ላይ የመጣውን «150» አልኩ። ከፍሎ ሲዞር «ቀጥሎ እኔ ነኝ» የሚል ሦስት ሰው ነበር።

ወረቀት ላይ ተራ እየጻፍኩ ሦስት ሦስት ሰው ብቻ እንዲጠብቅ፣ ሌላው ዞር ዞር ብሎ እንዲመጣ አደረግኩ። የሚጠብቅ ሰው ስቲከር ይገዛል፤ እጁ ሥራ ይፈልጋል። የተወረደው ፖስተር ይህን ማድረግ አይችልም። አጠገባችን ያለው ልጅ ራሱ ሁለተኛ ተሰላፊ ነበር፣ መቶ ሃምሳውን ቆጥሮ ሰጠኝ። ስምንተኛው ሰው ላይ ስትደርስ የእህቴ እጅ ደክሞ መስመሩ መወላገድ ጀመረ። አሥራ አንደኛው ላይ አቆመች፤ ሦስት ሰው መለስን። በኔ እምነት ከአምስተኛው በኋላ 200 ማድረግ ነበረብን። እሷ «በአንድ ቀን ሁለት ዋጋ ሌብነት ነው» ትላለች። እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

የገንዘቡ አከፋፈል ላይ ትንሽ ተንገላታን። በጥሬ ገንዘብ የሚከፍለው ሁሉ የያዘው የመቶና የሁለት መቶ ኖት ነው። ስቲከር 20። ለመልስ ብዬ የያዝኩት 300 ብር ዝርዝር ከምሳ በኋላ ወዲያው አለቀ። «5 ስቲከር በ100» ብዬ ጻፍኩ። ቅናሽ የለውም፣ ቁጥሩ ያው ነው፤ ሰው ግን ቅናሽ መሰለው መሰለኝ አምስት አምስት ይወስድ ጀመር። በቴሌብር የሚከፍለው ደግሞ መብራቱ ሲሄድ ዋይፋዩ አብሮ ሄደበት፣ ዳታውም ይንቀራፈፋል። *127# ደውሎ መላክ እንደሚቻል ስንቱ ወጣት እንደማያውቅ ብታዩ ትገረማላችሁ። ካርቶኑ ላይ ከስልክ ቁጥሩ በላይ «ዳታ ከሌለ *127#» ብዬ ጻፍኩት። አንድ ልጅ ብቻ «ማታ እልካለሁ» ብሎ ህትመት ይዞ ሄደ። ማክሰኞ ላከ።

ማታ ቤት ገብተን ሒሳቡን ምንጣፍ ላይ ዘረጋነው። ወጪ፦ ጠረጴዛ 600፣ ህትመት 1,050፣ የስቲከር ወረቀት 480፣ ላስቲክ መሸፈኛ 180፣ አለላ 250፣ ባጃጅና ምሳ 340። ድምር 2,900 ብር። ገቢ፦ 61 ስቲከር 1,220፣ 7 ህትመት 1,050፣ 14 ማንጠልጠያ 1,400፣ 11 የፊት ሥዕል 1,650። ድምር 5,320። የተረፈ 2,420 ብር። ከ5,320ው ውስጥ 80 ብሩ ብቻ ነው ዋጋ ከመጻፋችን በፊት የገባው።

አትርፈናል ብዬ ልጨፍር ስል እህቴ መስመር በመስመር ጀመረች። ህትመቱ ከላስቲኩ ጋር አንዱ 41 ብር ፈጅቷል። ሠላሳው 1,230። የገባው 1,050። ማለትም ዋናው ዕቃችን፣ ሁለት ሳምንት የተጨነቅንለት፣ በ180 ብር ከስሯል። ሃያ ሦስት ፍሬ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፣ ወደፊት ይሸጥ ይሆናል። ከተሸጡት ሰባቱ ደግሞ አምስቱ የባጃጇ ናቸው፤ አለቀች። ሁለቱ የረከቦቱ። ፀጉራቸው በነፋስ ከሚበረው ከአራቱ ሥዕሎች አንድም አልተሸጠም። እነሱን የፈለገ ከጎናችን በ50 ብር አግኝቷቸዋል። ሁሉንም እኩል አምስት አምስት ከማተም ሁለት ሁለት አትመን፣ የታየውን መጨመር ነበረብን፤ ኮፒ ቤቱ አሥር ደቂቃ መንገድ ነው! ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነበር።

1,500 ብር ያልናቸውን ሦስት ዋና ሥዕሎች ማንም አልገዛም። እነሱን ግን ኪሳራ አልላቸውም። ሰው ከሩቅ የሚመጣው እነሱን አይቶ ነው፤ ቀርቦ የ20 ብር ስቲከር ይዞ ይሄዳል።

ከሁሉ የከበደን የእማዬ ሒሳብ ነው። 1,400 ብር ገብቶ የአለላው 250 ሲነሳ 1,150። አሥራ አራት ማንጠልጠያ በአንድ ሰዓት ተኩል ሃያ አንድ ሰዓት። ለአንድ ሰዓት 55 ብር እንኳን አይሞላም። እህቴ በአሥራ ሁለት ደቂቃ 150 የተቀበለችው ያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ብሩን ስንሰጣት እማዬ ቆጠረችው፣ ወገቧ ላይ ቋጠረችው፣ «ዋጋውን ማን ነው ያወጣው?» አለች።

«እኛ» አልናት።

«አይታችሁኛል ስሠራ?»

ዝም አልን። ሁለታችንም 100 ያልነው ቁጥሩ ደስ ስላለን ነው። ሌላ ምክንያት የለንም።

በሳምንቱ ከኮምቦልቻ ልጆቹ አንዱ ደወለ። ለጓደኞቹ ሃያ ማንጠልጠያ ይፈልጋል። እህቴ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ «100 ነበር፣ ያው...» ብላ ልትጀምር ስትል እማዬ ከጓዳ መጣችና ስልኩን ተቀበለቻት።

«ልጄ፣ እንዴት ነህ? ደህና ነህ ወይ? ቤተሰብ ደህና ነው? ሁለት መቶ ነው።»

«እንዴ እማማ! ያኔ 100 አይደል እንዴ የገዛሁት?»

«እሱ የልጆቹ ዋጋ ነበር። ይሄ የእኔ ነው።»

እህቴ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ልጁ ሳቀ። 120 አለ። እማዬ 180 አለች። ስለ አክርማው ነገረችው፣ ስለ ዓይኗ ነገረችው፣ እሱም ተማሪ መሆኑን ነገራት። አምስት ደቂቃ ገደማ ተከራክረው 150 ላይ ተስማሙ። «አብሽር፣ አንዱን እመርቅልሃለሁ» ብላ ዘጋችና ስልኩን ለእህቴ መለሰችላት። «አለላው ብርቱካናማ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ቀለም ይፈልጋሉ? መልሰሽ ጠይቂው» አለች።